ኮምፒውተሩ የማያውቀው ማጫወቻ

ዓመታት መሳቢያ ውስጥ የከረመ የሙዚቃ ማጫወቻ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ሲሰካ ብዙ ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱ ይሆናል። አንዳንዱ ቻርጅ ማድረግ ይጀምራል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን ምንም አይታይም። አንዳንዱ «መሣሪያው አይታወቅም» የሚል መልእክት ያስወጣል። ሦስተኛው ከሁሉም ይከፋል፤ ኮምፒውተሩ ማጫወቻውን ያየውና «ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ያድርጉት» ይላል። በሦስቱም ጊዜ ባለቤቱ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፦ ተበላሽቷል። እኔ ግን ይህ ፍርድ በአብዛኛው ስሕተት ነው እላለሁ። ማጫወቻው ድሮ የሚሠራውን ዛሬም ይሠራል፤ የተቋረጠው በእሱና በኮምፒውተሩ መካከል ያለው መግባቢያ ነው፤ እሱም በጥቂት ብርና በትንሽ ትዕግሥት ሊቀጠል ይችላል። ጉዳዩን ከሚዛን አማንና ከቴፒ አንጻር ማንሳቴም ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ ላይ አንድ አሮጌ ማጫወቻ ቢጣል የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቦታ የሚገኝ ዘፈን ነው። ሁለቱ ከተሞች ባሉበት በደቡብ ምዕራቡ የቡና ምድር ግን እንዲህ ባለ ዕቃ ውስጥ ተቀድቶ የቀረ ድምፅ ሌላ ቅጂ ላይኖረው ይችላል።

ከገመዱ እንጀምር፤ ግማሹ ችግር እዚያው ያልቃልና። ተራ የዩኤስቢ ገመድ ቢሰነጠቅ ውስጡ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች ይታያሉ። ቀዩና ጥቁሩ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ፤ አረንጓዴውና ነጩ መረጃ ያመላልሳሉ። በየሱቁ በርካሽ ከሚሸጡት ገመዶች ብዙዎቹ ለቻርጅ ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ አረንጓዴውና ነጩ ጭራሹን የሉባቸውም። ማጫወቻው መብራቱን አብርቶ ባትሪውን እየሞላ ኮምፒውተሩ ዝም የሚለው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው፤ ገመዱን መቀየር እንጂ ማጫወቻውን መክፈት አያስፈልግም። ከቆዩት ማጫወቻዎች ብዙዎቹ የሚቀበሉት ሚኒ ዩኤስቢ የሚባለውን ወፈር ያለ አፍ ነው። ስልኮች መጀመሪያ ወደ ማይክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ታይፕ ሲ ከወጣ በኋላ ደግሞ ወደዚያው ስለሄዱ የሚኒ ገመድ ከመደርደሪያ እየጠፋ ነው። ነገር ግን ብዙ የቆዩ ዲጂታል ካሜራዎችና በኪስ የሚያዙ ሃርድ ዲስኮች የሚጠቀሙት ይህንኑ ገመድ ስለሆነ ሳጥን ውስጥ ፈልጎ ማግኘት አይከብድም። ዩኤስቢ ራሱ አሮጌውን የሚያገል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ዓይነት በሴኮንድ 12 ሜጋቢት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው 480 ሜጋቢት ያስተላልፋል፤ የዛሬዎቹ ፈጣን ወደቦችም ሁለቱን እንዲቀበሉ ተደርገው ነው የተሠሩት። አልፎ አልፎ አዲሱ ወደብ አሮጌውን ዕቃ አላይም ሲል በመሀል ርካሽ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ማስገባት ብዙ ጊዜ ነገሩን ይፈታዋል።

ሁለተኛው እንቅፋት ሜሞሪው ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ባለሱቅና ደንበኛ በከንቱ ይጣላሉ። ደንበኛው 64 ጊጋ ሜሞሪ ገዝቶ በአሮጌ ማጫወቻው ውስጥ ሲያስገባው አይነበብም፤ «ፌክ ሸጥክልኝ» ብሎ ይመለሳል። ሜሞሪው እውነተኛ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ኤስዲ ካርዶች ጣሪያ 2 ጊጋ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2006 እስከ 32 ጊጋ የሚይዘው ኤስዲኤችሲ መጣ፤ በ2009 ደግሞ ከ32 ጊጋ በላይ የሚሄደው ኤስዲኤክስሲ ተከተለ። ካርዶቹ መልካቸው አንድ ነው፤ ቀዳዳውም ይቀበላቸዋል። ከ2006 በፊት የተሠራ ማጫወቻ ግን ከ2 ጊጋ የሚበልጠውን የሚያነብበት እውቀት አልተሰጠውም። ከዚያ በኋላ የተሠሩት ብዙዎቹ ደግሞ ፋት 32 የሚባለውን የፋይል አደረጃጀት ብቻ ያውቃሉ፤ ትልልቆቹ ካርዶች ከፋብሪካ የሚወጡት ኤክስፋት በሚባለው ነው። ስለዚህ ለአሮጌ ማጫወቻ የሚሻለው ትልቁን መግዛት ሳይሆን ትንሹን ፈልጎ ማግኘት ነው፤ በጣም ለቆየው 2 ጊጋ፣ ለሌላው ከ32 ያልበለጠ። በአንድ ሰዓት ዘፈን 60 ሜጋ ገደማ የሚይዘው ተራ ኤም ፒ ስሪ 2 ጊጋ ውስጥ ከ30 ሰዓት በላይ ስለሚገባ ማንም የሚጎዳ የለም።

«ፎርማት ያድርጉት» የሚለው መልእክት ግን ረጋ ብሎ መታየት አለበት፤ ከሁሉም ጥፋት የሚበዛው እዚህች መስኮት ላይ ነውና። ኮምፒውተሩ ይህን ሲል «ባዶ ነው» ማለቱ አይደለም፤ «አደረጃጀቱን አላውቀውም» ማለቱ ነው። ምክንያቱ ማውጫው መጎዳቱ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ማጫወቻው በማክ ኮምፒውተር ተዘጋጅቶ ወደ ዊንዶውስ የመጣ ይሆናል። ከውጭ አገር ዘመድ የላከው አይፖድ የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። አፕል አይፖድን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2001 ሲያወጣ ለማክ ብቻ ነበር፤ ለዊንዶውስ የሚሆነው በማግስቱ ዓመት ቀጠለ። በማክ የተዘጋጀውን ዊንዶውስ አያነበውም፤ በዊንዶውስ የተዘጋጀውን ግን ማክ ያነበዋል። ሊኑክስ የሚባለው ነፃ ሥርዓት ሁለቱንም ስለሚያነብ ከፍላሽ ላይ አስነስቶ ዘፈኖቹን መገልበጥ ይቻላል። በአይፖድ ውስጥ ዘፈኖቹ በተደበቀ ፎልደር፣ ትርጉም በሌላቸው አራት ፊደላት ተሰይመው ይገኛሉ፤ የዘፋኙና የዘፈኑ ስም ግን በፋይሉ ሆድ ውስጥ ስለተጻፈ ወጥቶ ሲጫወት ይመለሳል። ሳያውቅ ፎርማት ያደረገም ቢሆን ተስፋ መቁረጥ የለበትም። ፈጣኑ ፎርማት የሚሰርዘው ማውጫውን ነው፤ ድምፁ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ባለበት ይቆያል። ፎቶሬክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ስሙ ፎቶ ቢልም ድምፅንም ያወጣል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ብቻ ነው፤ በካርዱ ላይ አዲስ ዘፈን አለመጫን።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላ የተለመደ ጉዳይ አለ፤ የሾርትከት ቫይረስ። ፍላሹ ወይም ማጫወቻው ሲከፈት ፎልደሮቹ ሁሉ ትንሽ ቀስት የተለጠፈባቸው ሾርትከቶች ሆነው ይገኛሉ፤ ወይም ምንም የለም። ባለቤቱ «ቫይረስ በላው» ብሎ ወደ ፎርማት ይሮጣል። ከመሮጡ በፊት ግን በማጫወቻው ምልክት ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጎ ፕሮፐርቲስ የሚለውን ቢከፍት እውነቱን በቁጥር ያገኘዋል፤ ሁለት ጊጋ ከሚይዘው ውስጥ አንድ ነጥብ ሰባቱ ተይዟል የሚል ከሆነ ዘፈኖቹ እዚያው ናቸው። ቫይረሱ የደበቃቸው እንጂ የሰረዛቸው አይደሉም። አትሪብ በሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ መደበቂያውን ማንሳት፣ የሚፈለገውን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ፣ ከዚያ በኋላ ማጽዳት ነው። ቀስት ያለበትን ምልክት ሁለቴ መንካት ግን ቫይረሱን በገዛ እጅ ወደ ኮምፒውተሩ መጋበዝ ነው። ዘፈን የሚጭኑ ሱቆች ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፦ አንዳንዶቹ ሜሞሪ ሲሰጣቸው ሳይጠይቁ መጀመሪያ ያጸዱታል። ለሥራቸው ይቀላቸዋል፤ ቫይረስም እንዳይዛመት ይጠነቀቃሉ፤ ይህ ይገባኛል። ሆኖም የደንበኛውን እናት ድምፅ ከዘፈን ጋር አብሮ የሚያጠፋ ጥንቃቄ ጥንቃቄ አይደለም።

አሁን ትልቁን ተቃውሞ ማንሳት ይገባል። ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ዘፈኑ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ አይደለም ወይ? ለጥላሁን ገሠሠና ለማሕሙድ አሕመድ ከሆነ፣ አዎ፣ አለ። በሸክላ ታትሞ የተሸጠ ሙዚቃ የመመለስ ዕድል እንዳለው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ሲዲ አሳይቷል፤ አዘጋጁ ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አምሃ ሪከርድስና ካይፋ ያሳተሟቸውን ሥራዎች ለዓለም መልሶ ያቀረበው ሸክላውና ዋናው ቅጂ በመገኘታቸው ነው። አንድ ሰው በቤንች ሸኮ ወይም በሸካ ዞን፣ በሠርግ ድንኳን ሥር ወይም በሽማግሌ ደጃፍ፣ በኪስ መቅጃ የቀዳው ድምፅ ግን አሳታሚ አልነበረውም። ዋናው ቅጂ ያው አሮጌው ዕቃ ነው። ዩቲዩብ ሰው የጫነበትን እንጂ ማንም ያላወጣውን ሊሰጥ አይችልም፤ ስለዚህ «ኢንተርኔት ላይ አለ» የሚለው መልስ ለአዲስ አበባው ዘፈን ያገለግላል፣ ለሚዛኑ ግን አያገለግልም።

ይህን የምለው ለአካባቢ ባህል የሚነገረውን የተለመደ ውዳሴ ለመድገም አይደለም። በዚህ አካባቢ ድምፅ ከጽሑፍ የሚበልጥበት ቴክኒካዊ ምክንያት አለ። ቤንችኛ የድምፅ ከፍታ የቃልን ፍቺ ከሚለይባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ያውም በዓለም ላይ እምብዛም በማይገኝ ደረጃ። የሥነ ልሳን ባለሙያው ክላውስ ቬደኪንድ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጥናት ቋንቋው ስድስት ድምፀቶች እንዳሉት ገልጿል፤ አምስቱ እንደ ደረጃ አንዱ ካንዱ በላይ የተቀመጡ፣ አንዱ ደግሞ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ። ተመሳሳይ ተነባቢና አናባቢ ያላቸው ቃላት በከፍታቸው ብቻ ይለያያሉ። ከዚህም የተነሣ ቤንችኛ በፉጨት ይነገራል፤ በከንፈር ወይም ሁለት እጅ ተጋጥሞ በሚሠራ ጉድጓድ እየተነፋ መልእክቱ ርቆ ይሄዳል፤ በአምስት ክር ክራርም ማስተላለፍ ይቻላል። በግእዝ ፊደል የታተመው የቤንችኛ አዲስ ኪዳን ድምፀቱን በምልክት አያሳይም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በላቲን ላይ የተመሠረተ ፊደል ሥራ ላይ ውሏል። አጎራባቹ ሸኮኛም ድምፀት ቃል የሚለይበት ቋንቋ ነው። እንግዲህ የክራሩ መልእክት በየትኛው ፊደል ይጻፋል? የፉጨቱስ? ተናጋሪው የራሱን ቋንቋ ሲያነብ ከፍታውን ከልማድ ይሞላዋል፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣው ተማሪ ግን የሚሞላበት ልማድ ላይኖረው ይችላል። በርካሽ ማጫወቻ የተቀዳ፣ ዶሮና ሕፃን የሚጮሁበት የአሥር ደቂቃ ድምፅ በዚህ ረገድ ከአንድ ሙሉ ደብተር የበለጠ ይነግረዋል።

ቢሆንም ሁሉም መሣሪያ ውስጡን በቀላሉ አይሰጥም፤ አንዳንዱ ሆን ተብሎ ተቆልፏል። በዚህ በኩል ሶኒን መውቀስ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው ሚኒዲስክ ለድምፅ ቀጂዎች ድንቅ ዕቃ ነበር፤ ትንሽ፣ ጥራት ያለው፣ በተራ ባትሪ የሚሠራ። በ2001 ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኘው ሲመጣ ግን መንገዱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር፤ ዘፈን ከኮምፒውተር ወደ ዲስኩ ይገባል፣ በማይክ የተቀዳ የራስ ድምፅ ግን በዚያው ገመድ ወደ ኮምፒውተር አይወጣም። ኩባንያው የዘፈን ቅጂ እንዳይሰረቅ ፈርቶ የገዛ ንግግሩን የቀዳውንም ሰው አብሮ ዘጋበት። በዚያ ዘመን የነበሩት የሶኒ ፍላሽ ማጫወቻዎችም ሶኒክስቴጅ ከተባለው ፕሮግራም ውጪ አይሠሩም ነበር፤ ፕሮግራሙ ዛሬ የተተወ ነው። አንዳንዶቹ የድምፅ መቅጃዎቹም ድምፁን የሚያስቀምጡት የራሳቸው ፕሮግራም ብቻ በሚከፍተው ዓይነት ነው። ለእነዚህ ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው አሮጌ ኮምፒውተር ነው፤ መሥሪያ ቤቶች የሚያስወግዱት ዊንዶውስ ኤክስፒ ያለበት ዴስክቶፕ፣ ከኢንተርኔት ጋር ሳይገናኝ፣ ለዚህ ሥራ ከአዲስ ላፕቶፕ ይሻላል። ሁለተኛው ማንም ሊዘጋው የማይችለው ቀዳዳ ነው፤ የኢርፎኑ። ማጫወቻው ድምፅ ካወጣ፣ ያ ድምፅ በኢርፎን ጃክ በኩል ወደ ሌላ መቅጃ ይገባል። ጥራቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ የአንድ ሰዓት ቅጂም አንድ ሰዓት ይወስዳል። ግን የትኛውንም ፕሮግራም ፈቃድ አይጠይቅም።

በኢርፎኑ ቀዳዳ የሚወጣው ካሴትም ነው፤ በዚህ አካባቢ ደግሞ ካሴቱ ከማጫወቻው የበለጠ ያስቸኩላል። ፊሊፕስ ካሴትን እ.ኤ.አ. በ1963፣ ሶኒ ዎክማንን በ1979 አወጡ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ካሴት በአገራችን ዘፈን ብቻ ሳይሆን ደብዳቤም ሆኖ አገልግሏል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ማግስት ከሰሜን ወደ ደቡብ ምዕራብ የሰፈሩት ቤተሰቦች፣ በበበቃና በቴፒ የቡና እርሻዎች ለሥራ የመጡት፣ ውጭ አገር የሄዱት ልጆች፤ በቴፕ የተቀዳ ሰላምታ ሩቅ ላለ ዘመድ መላክ ለእንዲህ ያለ ሰው እንግዳ ነገር አልነበረም። ቴፒ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አየሩ ለቡናና ለቅመማ ቅመም የተመቸ ነው፣ ለማግኔት ክር ግን ጠላት ነው። ካሴቱ ወደ ብርሃን ተይዞ በትንሿ መስኮት ሲታይ በክሩ ጥቅል ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው፤ ቴፑ ውስጥ ከገባ ማንበቢያ ራሱን ያቆሽሻል፣ ቀጥሎ ወደሚገባው ካሴትም ይተላለፋል። እንዲህ ያለውን መጀመሪያ ደረቅ ቦታ ማቆየት፣ ከደህናዎቹም መለየት ነው። በአዲስ ላፕቶፕ ላይ ለመቅዳት የሚሞክር ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ፦ ላፕቶፑ ያለው ብቸኛ ቀዳዳ ለኢርፎንና ለማይክ በአንድ ላይ የተሠራ ነው፤ በማይኩ በኩል የሚገባው ድምፅ አንድ ወገን ብቻ ይሆናል፣ ብዙ ጊዜም ይሰነጣጠቃል። ሁለት ወገን የሚቀበል መግቢያ ያለው ትንሽ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ይህን ይፈታል። ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ለመቅዳት ይበቃል። ለታሪክ የሚቀመጠውን በዌቭ መቅዳት ይመረጣል፤ በደቂቃ 10 ሜጋ ገደማ ይወስዳል። ለመስሚያ የሚሆነውን ቅጂ ከዚያ ወደ ኤም ፒ ስሪ መቀየር ይቻላል።

በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከአዲሱ ኮምፒውተር ወደ አሮጌው ማጫወቻ ዘፈን የሚጭን ሰውም የራሱ ጣጣ አለው፤ ይህ ግን ቀላል ነው። ከኢንተርኔት የሚወርደው ድምፅ ዛሬ በአብዛኛው ኤም 4 ኤ ወይም ኦፐስ የሚባል ዓይነት ስለሆነ ወደ ኤም ፒ ስሪ መቀየር አለበት። ርካሾቹ ማጫወቻዎች ዘፈን የሚደረድሩት በፊደል ተራ ሳይሆን በተገለበጠበት ተራ ነው፤ ስብከቱ ከክፍል አምስት ጀምሮ ወደ ክፍል አንድ የሚመጣው በዚህ ነው። በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ደግሞ በማጫወቻው መስኮት ላይ የባዶ ሣጥኖች ሰልፍ ይሆናል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ርካሽ ማጫወቻ ሠሪዎች ግን ፊደሉን በዕቃቸው ውስጥ ለማስገባት አልተጨነቁም። ከዚያ በፊት በነበሩት የግእዝ ፎንቶች የተሰየሙ የቆዩ ፋይሎች ደግሞ በተቃራኒው አዲሱ ኮምፒውተር ላይ የላቲን ምልክቶች ቅልቅል ሆነው ይታያሉ። እንዲህ ያለውን ስም ያየ ሰው ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ይሰርዘዋል። እባካችሁ አትሰርዙት፤ ከፍታችሁ ስሙት፣ ከዚያ ስሙን በላቲን ፊደልና በቁጥር አድርጋችሁ አስተካክሉት።

«ስልክ እያለ ማጫወቻ ምን ያደርጋል?» የሚሉም አሉ። በዚህ ላይ ብዙውን እቀበላቸዋለሁ። ስልክ ይቀዳል፣ ያጫውታል፣ ይልካል። አሮጌ የሊቲየም ባትሪ ሊያብጥ ይችላል፤ ጀርባው የተነፋ ማጫወቻ ቻርጅ ላይ መሰካት የለበትም፣ ዋጋውም ለእሳት አደጋ የሚበቃ አይደለም። ቢሆንም ክርክሩ ስልክን የሚቃወም አይደለም፤ ድምፁ ከአሮጌው ወጥቶ ስልክ ውስጥ ቢገባ እሰየው። ስልክ መግዛት ግን በራሱ አሮጌውን ድምፅ አያመጣውም፤ መሀል ላይ አንድ ሰው ገመድ ሰክቶ መገልበጥ አለበት። ባትሪው ደህና ለሆነው ደግሞ ጡረታ ማውጣት አያስፈልግም። በቡና ለቀማ ወቅት ቅርጫት የታጠቀ ሰው ሳያይ በጣቱ የሚነካው ቁልፍ ያለው፣ ወድቆ የማይሰበር፣ ቢጠፋም የባንክ ቁጥርና የቤተሰብ ፎቶ ይዞ የማይጠፋ ዕቃ ከስልክ የሚሻልበት ሰዓት አለው። መብራት ሲጠፋም የስልኩን ባትሪ ለስልክ ያስቀርለታል።

የቅጂ መብትን የሚያነሱ ሰዎችም መልስ ይገባቸዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ግለሰብ ለራሱ ጥቅም አንድ ቅጂ ማዘጋጀቱን አልከለከለም፤ የከለከለው የሌላን ሥራ አባዝቶ መሸጥን ነው። በሕጋዊ መንገድ የገዙትን ካሴት ለራስ መስሚያ ወደ ኮምፒውተር ማዛወርና በሜሞሪ እየጫኑ ለመንገደኛ መሸጥ አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛውን የሚከላከል ክርክር የለኝም። ሰዎች ራሳቸው የቀዱት የአካባቢ ድምፅ ግን ሌላ ጥያቄ ያመጣል። የዘፈነችው እናት፣ ታሪክ የተናገሩት ሽማግሌ ወይም ልጆቻቸው ድምፁ ወደ አደባባይ ከመውጣቱ በፊት ሊጠየቁ ይገባል። የለቅሶ እንጉርጉሮ ቤት ውስጥ ቢቀመጥ ደግ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ለማውጣት ግን የቤተሰቡ እሺታ ያስፈልጋል። ማዳንና ማሳተም ሁለት ሥራ ናቸው፤ አሁን የሚያስቸኩለው የመጀመሪያው ነው።

ይህ ሥራ በየግለሰቡ ጫንቃ ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም። ገመድ፣ ካርድ ሪደር፣ የቆየ ዴስክቶፕ፣ የሚሠራ የካሴት ቴፕ፣ ሳውንድ ካርድ፤ አንድ ቤተሰብ ለአንዲት ማጫወቻ ሲል ይህን ሁሉ አይገዛም፤ አንድ ተቋም ግን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሊያኖረው ይችላል። የመሣሪያዎቹ አብዛኛው ክፍል ዛሬ በየመጋዘኑ እንደ ቆሻሻ ተከምሮ ያለ ነው። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በስሙ እንደሚታወቀው በሁለቱም ከተሞች ይገኛል፤ ኮምፒውተር የሚያጠኑ ተማሪዎችም አሉት፤ ለእነሱ ከዚህ የተሻለ የተግባር ልምምድ ለማሰብ ይከብደኛል። ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልም የባህል ሥራውን ሲያቅድ ለበዓልና ለአልባሳት ከሚያስበው ጥቂቱን ለዚህ ቢያካፍል ይበጃል። ሥራው በሳምንት አንድ ቀን ተከፍቶ፣ ሰው ካሴቱንና ማጫወቻውን ይዞ መጥቶ፣ በፍላሽ ተገልብጦለት የሚሄድበት ክፍል ከማዘጋጀት አይበልጥም፤ ባለቤቱ ከፈቀደ አንድ ቅጂ ለተቋሙ ይቀራል፣ ማን እንደ ዘፈነ፣ በየትኛው ቋንቋ፣ የትና መቼ እንደ ተቀዳ ከጎኑ ይጻፋል። ያ ክፍል እስኪከፈት ድረስ አሮጌ ማጫወቻ ያላችሁ አንባቢዎች በዚህ ሳምንት አውጥታችሁ ባትሪው ያላበጠ መሆኑን እዩ፣ የመረጃ ሽቦ ባለው ገመድ ሰኩት፣ ኮምፒውተሩ ፎርማት ላድርግ ካለ «አይ» በሉት፣ ያለውን ሁሉ ሁለት ቦታ ገልብጡ።